ቁጥሩ ከፍ ሲል፦ የፖሊሳይቴሚያ ቬራ ምርመራ በደጋ አገር



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ የስያሜ ችግር ይነሣል። በአማርኛ «ደም ብዛት» ስንል የምንናገረው ስለ ደም መብዛት አይደለም፤ ስለ ደም ግፊት ነው። ቃሉ በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ለግፊት ስለተሰጠ፣ ደሙ በእውነት ለበዛበት ሰው፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሳቱ ከሚገባው በላይ ለተበራከቱበት ሰው፣ የምንሰጠው ስም አጥተናል። ሐኪሙ «ደምህ በዝቷል» ቢለው ታማሚው ጨው ይቀንሳል፣ የግፊት ኪኒን እስኪታዘዝለትም ይጠብቃል። ስለዚህ ዛሬ ሁኔታውን በጠቅላላው «የቀይ ሕዋሳት መብዛት» እለዋለሁ። ከመንስኤዎቹ አንዱን፣ እምብዛም የማያጋጥመውን የመቅኔ በሽታ ደግሞ በዓለም አቀፍ ስሙ «ፖሊሳይቴሚያ ቬራ» ብዬ እጠራዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነው። በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ የሄሞግሎቢን ቁጥር ምርመራን ያስጀምራል እንጂ አይደመድምም። ከቁጥሩ ወደ በሽታው ስም የሚያደርሰን «ይህን ምርት ማን አዘዘው?» የሚለው ጥያቄ ነው። እንደኛ ባለ ደጋ አገር ደግሞ ይህ ጥያቄ በቀላሉ ይዘለላል፤ «የደጋ ሰው ስለሆነ ነው» የሚል የተዘጋጀ መልስ በእጃችን አለና።

ነገሩን ለማየት ሦስት ሰዎችን በምናባችን እናቁም። ሦስቱም አዲስ አበባ የሚኖሩ ወንዶች ናቸው፤ የሦስቱም ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር 17.4 ግራም ነው። የመጀመሪያው ተቅማጥና ትውከት ለአራት ቀናት ያዳከመው ወጣት ነው። ሁለተኛው ለሠላሳ ዓመታት ሲጋራ ያጨሰ፣ ሌሊትም ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ ባለቤቱን የሚያስደነግጥ ጎልማሳ ነው። ሦስተኛው የ62 ዓመት ሰው ሲሆን፣ ገላውን በታጠበ ቁጥር ሰውነቱን ክፉኛ ያሳክከዋል፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ጥቂት በልቶ ቶሎ ይጠግባል፤ ግራ ጎኑንም ይከብደዋል። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ የሦስቱ መንገድ ግን ለየቅል ነው። ከእነርሱ ውስጥ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የሚጠረጠርበት አንዱ ብቻ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ጤናማው ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ እናስታውስ። የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ 120 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ መቅኔ ያረጁትን በየዕለቱ ሲተካ ይኖራል። ምን ያህል መተካት እንዳለበት ግን በራሱ አይወስንም፤ ትእዛዙ በዋናነት የሚመጣው ከኩላሊት ነው። ኩላሊት በቂ ኦክስጅን እንዳልደረሰው ሲሰማው ኤሪትሮፖየቲን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑ መቅኔ ደርሶ በሕዋሳቱ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ምርቱ ይጨምራል። ኦክስጅኑ ሲሟላ ኩላሊት ትእዛዙን ይቀንሳል፤ ምርቱም ይረግባል።

እንግዲህ ከፍ ያለ ቁጥር ሦስት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። አንደኛ፣ ሕዋሳቱ ጨርሶ አልበዙም፤ የበዙ የመሰለን የደሙ ውኃ ስላነሰ ነው። ሁለተኛ፣ በእርግጥ በዝተዋል፤ የበዙት ግን ታዝዞ ነው። ሦስተኛ፣ በዝተዋል፤ ማንም ግን አላዘዘም። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ያለ ትእዛዝ የሚካሄድ ምርት ነው።

እነዚህን ሦስት ትርጉሞች መለየት የሕክምና ታሪክ ራሱ የተቸገረበት ጉዳይ ነው። በ1890 ፈረንሳዊው ሐኪም ቪዮ በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ላይ ሆኖ፣ ከፍታ የቀይ ሕዋሳትን ቁጥር እንደሚያሳድግ በራሱና በባልደረቦቹ ደም ላይ ቆጥሮ አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1892፣ የፓሪሱ ሐኪም ሉዊ ሄንሪ ቫኬ ከፍታ የማይገልጸው የቀይ ሕዋሳት መብዛት የታየበትን አንድ ታማሚ ገለጠ። በ1903 ዊልያም ኦስለር ተመሳሳይ ታማሚዎችን አሰባስቦ ጉዳዩ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ተከራከረ። በ1925 ደግሞ የፔሩ ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ በከፍታ ምክንያት ደሙ የበዛበትን ታማሚ ለሊማ የሕክምና ማኅበረሰብ ሲያቀርብ፣ የሰጠው ርእስ «የቫኬ በሽታ» የሚል ስም ያዘለ ነበር። ዛሬ ያን ሕመም «ሥር የሰደደ የተራራ በሽታ» እንለዋለን፤ ከቫኬ በሽታም እንለየዋለን። ከፍታና የመቅኔ በሽታ ገና ከጅምሩ በአንድ ስም ሥር ተቀምጠው እንደነበር ልብ በሉ።

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዎቻችን እንመለስ። የወጣቱ ጉዳይ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሄሞግሎቢንም ሆነ ሄማቶክሪት የመጠን ንጽጽር ናቸው፤ በአንድ በተወሰነ ደም ውስጥ ያለውን ድርሻ እንጂ በሰውነት ውስጥ ያለውን ጠቅላላ የሕዋስ ክምችት አይለኩም። ወጥ በእሳት ላይ ሲቆይ የሚወፍረው ሥጋ ተጨምሮበት ሳይሆን ውኃው ስለተነነ እንደሆነ ሁሉ፣ ፕላዝማው ሲያንስ ደሙ የወፈረ ይመስላል። ፈሳሽ ከተተካለት በኋላ ምርመራው ቢደገም ቁጥሩ ይወርዳል። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም እንዲሁ ሊያሳስቱን ይችላሉ። የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ በአንድ ውጤት ማንንም በሽተኛ አትበሉ፤ ሰውየው በቂ ፈሳሽ ወስዶ ድገሙት።

የጎልማሳው ጉዳይ ሁለተኛው ዓይነት ነው። በሲጋራ ጢስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጥብቀት ከሄሞግሎቢን ጋር ይያያዛል። ሌሊት ትንፋሹ ሲቋረጥም ኦክስጅኑ ይወርዳል። ኩላሊቱ እጥረት ስለተሰማው አዘዘ፤ መቅኔው ታዘዘ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በጣት ላይ የምናስረው ፐልስ ኦክሲሜትር ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው አይለየውም፤ ስለዚህ መሣሪያው መልካም ቁጥር ቢያሳይም ስለ ማጨስ፣ በተዘጋ ቤት ስለሚነድ ከሰልም መጠየቅ ግድ ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም የሚቀላቀልበት የልብ አፈጣጠር ጉድለት፣ ቴስቶስትሮን መውሰድ፣ ለስኳር ሕመም ከሚታዘዙ አዳዲስ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ የኩላሊትና የጉበት ዕጢዎችም በዚህ ወገን ይመደባሉ። ዕጢው ሆርሞኑን ራሱ ስለሚያመርት፣ ኦክስጅን ሳይጎድል የሐሰት ትእዛዝ ይወጣል። የሆድ አልትራሳውንድ የምንጠይቀው በከፊል ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሰው ግን ፈሳሽ አልጎደለበትም፤ አያጨስም፤ ሳንባው ጤነኛ ነው። ሲቢሲው እንደገና ሲታይ ነጭ ሕዋሳቱ 13 ሺህ፣ ፕሌትሌቶቹ 640 ሺህ ናቸው፤ ሐኪሙ በእጁ ሲዳስሰውም ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ ሥር ወርዶ ይገኛል። ይህ ምልክት ከባድ ክብደት አለው። ኤሪትሮፖየቲን በተለይ ቀይ ሕዋሳትን የሚያዝዝ ሆርሞን ነው። ሦስቱም የሕዋስ ዓይነቶች በአንድነት ከበዙ፣ ችግሩ ያለው በትእዛዙ ላይ ሳይሆን በአምራቹ በመቅኔው ላይ እንደሆነ እንጠረጥራለን።

የዚህ ምክንያት የታወቀው በ2005 ነው፤ በዚያ ዓመት አራት የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው አንድ ዓይነት ግኝት ይፋ አደረጉ። የኤሪትሮፖየቲን ተቀባይ መልእክቱን ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያስተላልፍለት ጃክ-2 የተባለ ኢንዛይም ከጎኑ አለ። ጃክ-2 ሥራውን የሚሠራ ክፍልና ያን ሥራ የሚገታ ክፍል አለው። በገቺው ክፍል፣ 617ኛው ቦታ ላይ፣ ቫሊን የተባለው አሚኖ አሲድ በፌኒልአላኒን ሲተካ ልጓሙ ይላላል፤ ኢንዛይሙም ሆርሞኑ ሳይመጣ እንደመጣ ሆኖ ይሠራል። ለውጡ እንደ ዐይን ቀለም ከወላጅ የሚወረስ አይደለም። በሕይወት ዘመን በአንድ የመቅኔ እናት ሕዋስ ላይ ይከሰታል፤ ከዚያች ሕዋስ የሚወለዱት ሁሉ ይይዙታል። ያች እናት ሕዋስ ነጭ ሕዋሳትንና ፕሌትሌቶችንም ስለምትወልድ እነርሱም አብረው ይበዛሉ። ቪ617ኤፍ ተብሎ የሚጠራው ይህ ለውጥ ከፖሊሳይቴሚያ ቬራ ታማሚዎች 95 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ይገኛል፤ ከቀሩት አብዛኞቹ በዚያው ዘረ መል ሌላ ክፍል፣ በኤክሶን 12፣ ላይ ለውጥ አላቸው።

ሥርዓቱ ይህ ከሆነ መስፈርቱን ማስታወስ አያስቸግርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባሻሻለው ምደባ ሦስት ዐቢይና አንድ ንዑስ መመዘኛ አለ። የመጀመሪያው ዐቢይ መመዘኛ የደሙ መጠን ነው፤ ሄሞግሎቢን በወንድ ከ16.5፣ በሴት ከ16.0 ግራም በላይ፣ ወይም ሄማቶክሪት በወንድ ከ49፣ በሴት ከ48 በመቶ በላይ መሆን። ሁለተኛው በመቅኔ ባዮፕሲ የሦስቱም የሕዋስ ዘሮች መበራከት መታየቱ ነው። ሦስተኛው የጃክ-2 ለውጥ መገኘቱ ነው። ንዑሱ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ኤሪትሮፖየቲን ከመደበኛው በታች መሆኑ ነው። ሦስቱም ዐቢይ መመዘኛዎች ሲሟሉ፣ ወይም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከንዑሱ ጋር ሲገኙ፣ በሽታው አለ ይባላል። በጣም ከፍ ባለ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በወንድ ከ18.5፣ በሴት ከ16.5 በላይ ሲሆን፣ የዘረ መል ለውጡና የሆርሞኑ መውረድ ከተረጋገጡ ባዮፕሲው ሊቀር ይችላል። የእኛ ሰው 17.4 ስለሆነ ባዮፕሲው አይቀርለትም።

ንዑስ የተባለውን መመዘኛ አትናቁት። የሆርሞኑ መውረድ «ማን አዘዘው?» ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነው፤ ኩላሊት ደሙ መብዛቱን አይቶ ዝም ብሏል፣ መቅኔ ግን አላቆመም ማለት ነውና። ሆርሞኑ ከፍ ካለ ደግሞ ፍለጋችን ወደ ሳንባ፣ ወደ ልብ፣ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። መደበኛ ውጤት ግን በሽታውን አያስወግድም። በሌላ በኩል የጃክ-2 ለውጥ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ፕሌትሌት ብቻ በሚበዛበት ተዛማጅ በሽታ ከታመሙት ግማሽ በሚበልጡት ላይ ይገኛል፤ መቅኔ በሚጠጥርበት በሽታም እንዲሁ፤ በጥቂት መጠን ምንም ሕመም በሌለባቸው አረጋውያን ደም ውስጥም ታይቷል። ከመስፈርቱ አንዱም ለብቻው አይቆምም።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ ልግባ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ብዙ ሕዝባችንም ከዚያ ከፍ ብሎ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስን ለመለየት የሄሞግሎቢን ወሰን እንደ ከፍታው እንዲስተካከል ይመክራል። አሁን በጠቀስኩት የፖሊሳይቴሚያ ቬራ መስፈርት ውስጥ ግን የከፍታ ማስተካከያ የለም።

ታዲያ ደገኛው ኢትዮጵያዊ በቁጥር እንዴት ነው? በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ፣ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። በዚያ ከፍታ ከሚኖሩ የአንዲስ ሰዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ የሚያስገርም ውጤት ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በባሌ ደጋ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ስለዚህ «ደገኛ» የሚለው ቃል አንድ ዓይነት ደም አያመለክትም፤ ከቆላ በቅርቡ የመጣ ሰው፣ በሰሜን ተወልዶ ያደገ፣ በባሌ የኖረ ሰው ለከፍታ የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን፤ በተቃራኒ አቅጣጫም ይሄዳሉ። አማካዩ 15.9 በሆነበት ማኅበረሰብ 16.5ን የሚያልፍ ጤነኛ ወንድ ብርቅ አይሆንም፤ በቁጥሩ ብቻ ብንፈርድ ጤነኛውን የካንሰር ታማሚ እናደርገዋለን። በሌላ ወገን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖር ሰው በአማካይ 15.9 ከሆነ፣ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው 18.5 «ከፍታው ነው» ተብሎ አይታለፍም። ከፍታ ሊሰጥ የሚችል ማብራሪያ ነው፤ ግን እንደማንኛውም ማብራሪያ ማስረጃ ይጠየቃል። ከፍታ ፕሌትሌትን 640 ሺህ አያደርስም፤ ጣፊያን አያሳብጥም፤ ገላ መታጠብን ሥቃይ አያደርግም።

ስለ ጣፊያ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ጣፊያ ሲያብጥ አእምሯችን ፈጥኖ ወደ ወባ፣ ወደ ካላዛርና ወደ ብልሃርዝያ ይሄዳል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን በእነዚህ በሽታዎች ያበጠ ጣፊያ እንደ ልማዱ የደም ቁጥርን ወደ ታች ይጎትታል። ጣፊያው አብጦ የደም ቁጥሩ ወደ ላይ ከሄደ፣ ሁለቱ ግኝቶች እርስ በርስ አይጣጣሙም፤ አለመጣጣሙ ራሱ ፍንጭ ነው።

ተማሪዎቼ በተለይ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ደግሞ የሚደበቀውን ታማሚ ነው። አንዲት የ55 ዓመት ሴት በምናባችን እንውሰድ። ሄሞግሎቢኗ 15.2፣ ሄማቶክሪቷ ከ48 በመቶ በታች ነው፤ ከወሰኑ አላለፈችም። ወረቀቱን እስከ ታች ካነበብን ግን የቀይ ሕዋሳቷ ብዛት 7 ሚሊዮን፣ የእያንዳንዱ ሕዋስ አማካይ መጠን 68 ብቻ ነው። ሕዋሳቱ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ጥቃቅን ናቸው። ይህን ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ከብረት እጥረት ጋር ሲገናኝ ነው፤ መቅኔው ያለ ልክ ሲያመርት የብረት ክምችቱን ይጨርሳል፣ በሽታው ከጨጓራ መድማት ጋርም ይያያዛል። ይህች ሴት «ብረት አነሳት» ተብላ የብረት ኪኒን ብቻ ይዛ ከሄደች፣ የታገደው ምርት ጥሬ ዕቃ አገኘ ማለት ነው፤ ሄሞግሎቢኗ በአጭር ጊዜ ወደ አደገኛ ደረጃ ሊወጣ ይችላል። በዘር የሚወረሰው ታላሴሚያም ብዙና ጥቃቅን ሕዋሳት ስለሚያሳይ መለየት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ሳይታወቅ የቀረ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በደም መርጋት ነው፦ በስትሮክ፣ በልብ ደም ሥር መዘጋት፣ በእግር ደም ሥር መርጋት። ባልተለመደ ቦታም ሊረጋ ይችላል። በጉበት ደም መላሾች ውስጥ ደም ረግቶ ሆዳቸው ውኃ ከቋጠረ ሰዎች መካከል ከሦስት አንዱ በላይ የሚሆኑት የጃክ-2 ለውጥ ይገኝባቸዋል። ከታወቀ ግን የሚደረግለት ነገር አለ፤ ያውም በአብዛኛው ውድ አይደለም። በ2013 የታተመ የጣሊያን ጥናት 365 ታማሚዎችን በሁለት ከፍሎ ነበር። ሄማቶክሪታቸው ከ45 በመቶ በታች እንዲሆን ከተደረጉት መካከል በልብና በደም ሥር ችግር የሞቱት ወይም ከባድ የደም መርጋት የደረሰባቸው 2.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ45 እስከ 50 በመቶ እንዲቆይ ከተደረጉት ግን 9.8 በመቶ ነበሩ። መሠረታዊው ሕክምና ደም መቅዳትና በዝቅተኛ መጠን የሚሰጥ አስፕሪን ነው፤ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑና ደም ረግቶባቸው ለሚያውቁ ደግሞ ምርቱን የሚገታ እንደ ሃይድሮክሲዩሪያ ያለ መድኃኒት ይጨመራል። ደም ማውጣት ለማኅበረሰባችን እንግዳ አይደለም፤ ዋግምትን የማያውቅ የለም። ልዩነቱ እዚህ የሚቀዳው ደም በሚሊ ሊትር የሚለካ፣ ግቡም በሄማቶክሪት የሚወሰን መሆኑ ነው።

ጤነኛውን በስሕተት በዚህ ስም መጥራትም ቀላል ጉዳት አይደለም። በሽታው ዛሬ ከደም ካንሰሮች ወገን ስለሚመደብ፣ ስሙ በአንድ ሰው ካርድ ላይ ከተጻፈ በኋላ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል፤ የማያስፈልገውን መድኃኒት ይወስዳል፤ እውነተኛው ችግር፣ ሲጋራውም ሆነ የኩላሊቱ ዕጢ፣ ሳይነካ ይቀራል።

የዘረ መል ምርመራና የኤሪትሮፖየቲን ልኬት በየጤና ተቋሙ የሚገኙ አይደሉም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከዘረዘርኳቸው መካከል እጅግ ብዙው በእጃችን ያለ ነው፦ ውጤቱን መድገም፣ ሲቢሲውን ከሄሞግሎቢን አልፎ እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ፣ ጣፊያን መዳሰስ፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ከሰል፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መድኃኒት፣ ከገላ መታጠብ በኋላ ስለሚመጣ ማሳከክ መጠየቅ። እነዚህ በቅደም ተከተል ሲሠሩ ውዱ ምርመራ ለማን እንደሚገባ ይለያል፤ ታማሚውም አቅሙን የሚፈትን ወጪ የሚያወጣው በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻም ለታማሚው ስትነግሩት ቃላችሁን ምረጡ። «ደምህ በዝቷል» ብላችሁ አትተዉት። «ግፊት አይደለም፤ መቅኔህ ሳይታዘዝ ቀይ ሕዋሳት ያመርታል፤ ደምህ እንዳይረጋ መጠኑን እየቀነስን እንከታተልሃለን፤ ብዙ ሰዎች ሕክምናውን እየተከታተሉ ረጅም ዓመታት ይኖራሉ» በሉት። ለቀጠሮው የሚመለሰው የታመመው ምን እንደሆነ የገባው ሰው ነው።